የተመለሱት ዓምድ

ቦሌ፣ እሑድ

ሻንጣዬ ሚዛን ላይ ሲወጣ አሥራ አንድ ኪሎ ብቻ ሆነ። ሚዛኑ ጋ ያለችው ልጅ ቀና ብላ አየችኝ። “እማማ፣ ሮም ነው አይደል የሚሄዱት? በርበሬ የለ፣ ሽሮ የለ፣ ባዶ እጅዎን ሰው ሊጠይቁ?” አለችኝ። “ወንድሜን ነው የምጠይቀው፤ በርበሬ ሐኪም ከልክሎታል” አልኳት። እውነቴን ነው። ማርዮ እንዳመጣለት በስልክ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። እሱም በእጅ ቦርሳዬ ውስጥ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ፣ ከፓስፖርቴ ጋር ተቀምጧል። የልጁ የሊያ የክትባት ካርድ ነው፤ አገር ሲለቅ “አንቺ ጋ ይሁን” ብሎ የሰጠኝ።

“ሮዚ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። በስልክ አልጠይቅሽም። ካርዷን ይዘሽ ነይ” ነበር ያለኝ። ቲኬቱንም እሱው ቆረጠልኝ። ሳንባው ከድቶታል፤ ሐኪሞቹ ክረምቱን አይሻገርም ብለዋል። ይህን የነገረችኝ የምታስታምመው ለተብርሃን ናት እንጂ እሱማ ስለ ራሱ አይናገርም።

አንባቢዬ ሆይ፣ መንገዱን ከመጀመሬ በፊት ጉዴን ልናገር፤ አለዚያ የማወራው ሁሉ የጎብኚ ወሬ ይሆንብሃል። አባታችን ጣሊያን መካኒክ ነበር፣ እናታችን የአዲስ አበባ ልጅ። እኔ ነርስ ነኝ፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሥራዬ ልጆች መክተብ ነበር። ከሠላሳ ሰባት ዓመት በፊት፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ የማርዮ ሚስት ጽጌ የዘጠኝ ወር ልጇን ሊያን ለኩፍኝ ክትባት እኔ ወደምሠራበት ጤና ጣቢያ ይዛት መጣች። ከእሷ ሌላ የነበረችው አንዲት እናት ብቻ ናት። የኩፍኝ ክትባት ብልቃጥ አንዴ ከተከፈተ ለአሥር ልጅ ነው፤ በዚያው ቀን ካላለቀ ይደፋል። ለሁለት ልጅ ብልቃጥ የከፈተች ነርስ ደግሞ አባካኝ ተብላ በስብሰባ ላይ ትወቀሳለች። “በሚቀጥለው ማክሰኞ ኑ፣ ያኔ ልጅ ይሞላል” ብዬ ሁለቱንም መለስኳቸው። ለወንድሟ ልጅ ስትል ብልቃጥ ከፈተች እንዳልባል ፈርቼ ነበር። ፍርዴም ትክክል ስለመሰለኝ፣ አፈር በበላሁ፣ ትንሽ ኮራሁም።

በሚቀጥለው ማክሰኞ እኔ ራሴ ስብሰባ ተጠራሁ፤ ክትባቱም ቀረ። በሦስተኛው ሳምንት ሰፈሩ ውስጥ ኩፍኝ ገባ። ሊያ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየችም።

ጽጌ “ወስጃት ነበር፣ መልሰውን ነው” እያለች አለቀሰች። ማርዮ ወደ እኔ ዞሮ “እውነቷን ነው?” አለኝ። እኔም መዝገቡን ገልጬ “እዚህ የለችም” አልኩት። መቼም ውሸት አይባልም። በመዝገቡ የሚጻፈው የተከተበ ልጅ ነው፤ የተመለሰ አይጻፍም። ይህችን ግን አልነገርኩትም። ማርዮ “መዝገብ አይዋሽም” አላት፤ በስንፍናሽ ልጄን ገደልሽ አላት። በዓመቱ ተፋቱ፤ እሱም በአባታችን ወረቀት ሮም ገባ። ጽጌ ልጇን ያላስከተበች እናት ተብላ ቀረች፤ እኔ ደግሞ ሆድ ይፍጀው ብዬ ኖርኩ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። እኔ በሕይወቴ የወጋሁትን ልጅ ሁሉ ረስቻለሁ፤ ያልረሳሁት ያልወጋኋትን ነው።

እንግዲህ ይህን ለመንገር ነው የምሄደው። ሳልነግረው ከሞተ፣ ጽጌ በእሱ ዘንድ እንደተፈረደባት ትቀራለች።

ካስትሮ ፕሬቶሪዮ፣ ሰኞ ጠዋት

ከፊዩሚቺኖ አውሮፕላን ጣቢያ እስከ ዋናው ጣቢያ እስከ ቴርሚኒ ባቡሩ አሥራ አራት ዩሮ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። በመስኮት የሚታየው አናቱ ጃንጥላ የመሰለ የጥድ ዛፍ፣ በቀለም የተሞነጫጨረ ግንብና በረንዳው ላይ ልብስ የተሰጣበት ፎቅ ነው። አባቴ ሮምን ሲያወራልኝ ስለ ልብሱ አልነገረኝም ነበር፤ እኔ ግን ወደድኩት።

ለተብርሃን ቴርሚኒ ጠበቀችኝ። አስመራ የተወለደች፣ ትምህርቷን በአማርኛ የተማረች፣ አርባዎቹን የጨረሰች ፈጣን ሴት ናት። ሦስቴ ስማ ሻንጣዬን ነጠቀችኝ። “እትዬ ሮዛ! አሎራ፣ እንግዲህ መጀመሪያ ቁርስ፣ ከዛ ሜትሮ” ብላ ጣቢያው አጠገብ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ወዳለች የሐበሻ ቤት ወሰደችኝ። ፉል በዳቦ ሰባት ዩሮ! “ኧረ በሕግ አምላክ፣ ባቄላ እኮ ነው” ብዬ ጮህኩ። አስተናጋጁ ሳቀ፣ ለተብርሃን ግን አልሳቀችም።

“እትዬ፣ ነገ ጠዋት ለፔርሜሶዬ፣ ለመኖሪያ ፈቃዴ፣ ቀጠሮ አለኝ። ከዛ በቀጥታ መዝገብ ቤት እወስድዎታለሁ” አለችኝ።

“የምን መዝገብ ቤት?”

“ሲኞር ማርዮ ይሠሩበት የነበረው ነዋ። ወንዙ ዳር ያለው የአሮጌ ሆስፒታል መዝገብ ቤት፤ ሃያ ዓመት ቁልፉን የያዙት እሳቸው አይደሉ? ‘መጽሐፉን ሳታይ ምንም አልጠይቃትም’ ብለዋል።”

ዳቦውን ሰሃኑ ላይ መለስኩት። ወንድሜ ዘበኛ ነኝ ሲለኝ የባንክ ወይም የመጋዘን መስሎኝ ኖሯል። ሃያ ዓመት ሙሉ መዝገብ ሲጠብቅ ነው የኖረው።

ሮማኒና፣ ሰኞ ከሰዓት

ሜትሮው እስከ መጨረሻው ጣቢያ እስከ አናኛና ይሄዳል፤ ከዚያ አውቶቡስ ነው። ትኬቱ አንድ ዩሮ ከሃምሳ። መንገዱ ዳርና ዳር ትልልቅ የዕቃ መደብሮች፣ የመኪና መሸጫና ባዶ ሜዳ ነው። ለተብርሃን በመስኮት አንድ ትልቅ የመስተዋት ሕንፃ አሳየችኝ። “ሰላም ፓላስ ነው፤ እኔ እዚያ ነኝ። ድሮ ዩኒቨርሲቲ ነበር አሉ፤ አሁን እኛ ስደተኞቹ ገብተንበታል። ስንት እንደሆንን እንኳ በትክክል የሚያውቅ የለም። ሬዚደንሳ፣ የነዋሪነት ምዝገባ፣ ከሌለሽ የትም አልተጻፍሽም” አለች። እንደ ዋዛ ነው የተናገረችው፤ ወዲያው ስለ ሽንኩርት ዋጋ ቀጠለች።

ማርዮ ደግሞ ከዚያ አለፍ ብሎ በራሱ ቤት፣ አንደኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮት ሥር አልጋ ዘርግቶ ተቀምጧል። አፍንጫው ላይ የኦክስጅን ቱቦ አለ፤ መሣሪያው ጥግ ላይ ያጓራል። ያ የበር መቃን የሚሞላ ወንድሜ ልጅ አክሏል።

“ሮዚ፣ አረጀሽ” አለኝ።

“አንተ ደግሞ ጎረመስክ” አልኩት። ሳቀና ሳሉ ያዘው። እስኪበርድለት ጀርባውን ደገፍኩት፤ አጥንቱ እጄ ላይ ይቆጠር ነበር።

ካርዱን ሰጠሁት። ከፌስታሉ አውጥቶ በጣቱ መስመር በመስመር ሄደ። የመጀመሪያዎቹ መስመሮች ሁሉ በእኔ እጅ ተሞልተዋል፤ ቀኑም ፊርማውም። የኩፍኙ መስመር ባዶ ነው። እዚያ ላይ ጣቱን አቆመና ቆየ። አሁን ልንገረው ብዬ “ማርዮ፣ እኔ አንድ ነገር…” ስል “ነገ። መጀመሪያ መጽሐፉን እዪ” ብሎ ካርዱን ትራሱ ሥር ከተተው። እፎይ አልኩ። እፎይ ማለቴ አሁንም ያሳፍረኛል።

ወንዙ ዳር፣ ማክሰኞ

ከቀጠሮዋ በኋላ ለተብርሃን በአውቶቡስ ወደ ወንዙ ወሰደችኝ። ሆስፒታሉ ረጅም ግንብ ነው፤ ቱሪስቱ ፎቶ እያነሳ ያልፋል። ግድግዳው ላይ በብረት የታጠረች ትንሽ መስኮት አለች። ድሮ እናቶች ማሳደግ ያቃታቸውን ሕፃን በእሷ አሾልከው ትተው ይሄዱ ነበር፤ ከውስጥ የሚሽከረከር የእንጨት በርሜል ተቀብሎ ያስገባዋል። ለተብርሃን አማተበች። እኔ ቁመቷን በዓይኔ ለካሁ፤ በደረት ልክ ናት፣ ሕፃን ለማቀበል የምትመች።

የመዝገብ ቤቷ ኃላፊ ወጣት ጣሊያናዊት ናት። “የሲኞር ማርዮ እህት!” ብላ እጄን በሁለት እጇ ያዘች። ከዚያ ቆዳው የተላላጠ ትልቅ መጽሐፍ ትራስ ላይ አስቀምጣ ታስረዳን ጀመር። የአባቴ ጣሊያንኛ ያልደረሰበትን ለተብርሃን ትሞላልኛለች።

መጽሐፉ የአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ የፈንጣጣ ክትባት መዝገብ። በዚያ ዘመን ብልቃጥ የለም፣ ፍሪጅ የለም። ክትባቱ የሚኖረው በሰው ክንድ ላይ ነው። የአንድ ሕፃን ክንድ ይጫርና መድኃኒቱ ይቀባል። በስምንተኛው ቀን ገደማ ብጉሩ ውሃ ሲቋጥር ይከፈትና ከእሱ ተወስዶ ለሌላ ልጅ ይቀባል። አንድ ቦታ ላይ ከተቋረጠ ከተማው ክትባት አጣ ማለት ነው። እንዳይቋረጥ ደግሞ በዚያች መስኮት የገቡት ሕፃናት አሉ። ነርሷ ክንዱ የደረሰለትን አንዱን ታቅፋ ከወንዙ ማዶ ወዳለው የድሆች ሰፈር ትሄዳለች፤ ልብስ አጣቢውና ቆዳ ፋቂው ልጁን ይዞ ይሰለፋል፤ ሐኪሙም ከታቀፈችው ሕፃን ክንድ እየቀዳ ይከትባል።

“አንዱ ሕፃን ለስንት ልጅ ይበቃል?” አልኩ።

“እንደ ብጉሩ ነው። አንዳንዴ ለአምስት፣ አንዳንዴ ለአሥር።”

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የበረዶ ሣጥን ትከሻዬ ላይ አንግቼ ስዞር ነበር። የእነሱ ሣጥን ሕፃን ነበር። “ስሙስ?” አልኳት፤ የታቀፈውን ሕፃን ማለቴ ነው። ኃላፊዋ መዝገቡን አየች። ቁጥር ብቻ ነው ያለው።

ድሆቹ እናቶች ክትባቱን ይፈሩ ነበር አለችን። በስምንተኛው ቀን ልጃቸውን መልሰው አያመጡም፤ ክንዱ ሲከፈት የልጁ አቅም አብሮ የሚፈስ ይመስላቸዋል። ቄሱ ይመክራል፤ እምቢ ካሉ የተከተበበትን ወረቀት ካላመጣችሁ ምጽዋት የለም ይባላሉ። ይህን ስሰማ ሳላስበው ሳቅሁ። እኛም በድርቁ ጊዜ ካርድ ላላመጣች እናት ዘይትና ዱቄት ከልክለናል። እምቢ ያለችውን በዚህ ገራናት፤ ፈቅዳ የመጣችውን ደግሞ ልጅ አልሞላም ብለን መለስናት።

ከዚያ ኃላፊዋ ገጹን ገለበጠች። “ሲኞር ማርዮ ሁልጊዜ የሚያየው ይህን ነበር። ሥራው ካለቀ በኋላ ይቀመጥና ያነበዋል” አለች። በቀኝ በኩል ጠባብ ዓምድ አለ፤ ራሱ ላይ ‹ሪማንዳቲ› ይላል። ለተብርሃን “የተመለሱ ማለት ነው” አለችኝ። መጥተው ያልተከተቡ ልጆች ናቸው። ብጉሩ ያለቀባቸው፣ ወይም ገና ያልደረሰላቸው። ስም፣ የእናት ሥራ፣ የሚኖሩበት መንደር፣ አንድ በአንድ ተጽፏል። ሐኪሙ የጻፋቸው በሳምንቱ ራሱ ሄዶ ሊፈልጋቸው ነው። ከፊሉ ስም አጠገብ በሌላ ቀለም ጭረት አለ፤ ተገኝቶ ተከትቧል። ከፊሉ አጠገብ ትንሽ መስቀል አለ።

ጣቴን ሳላስነካ ወደ ታች ሄድኩ። ካቴሪና፣ የልብስ አጣቢ ልጅ፣ ተመለሰች። ከዚያ መስቀል።

“ወንበር” አልኩ በአማርኛ፤ ጣሊያናዊቷ ቀድማ ገባትና አመጣችልኝ።

ሮማኒና፣ ማክሰኞ ከሰዓት

ለተብርሃን በሩ ላይ አድርሳኝ “ሱቅ ደርሼ ልምጣ” ብላ ሄደች። ማርዮ መስኮቱ ጋ ነበር። ካርዱ ጭኑ ላይ ነው።

“አየሽው?”

“አየሁት።”

“አሎራ።” ትንፋሹን ሰበሰበ። “እናንተ መዝገብ ላይ እንዲህ ያለ ዓምድ ነበር?”

እዚህ ላይ “ነበር” ብለው ያምነኝ ነበር። ሠላሳ ሰባት ዓመት አምኖኛል። በየፋሲካው ደውሎልኛል፣ ጫማ ልኮልኛል፣ “ያንቺ መዝገብ ባይኖር እውነቱን አላውቅም ነበር” ብሎኛል።

“አልነበረም” አልኩት።

“የተመለሰ ልጅ የት ነበር የሚጻፈው?”

“የትም።”

“ጽጌ መጥታ ነበር?”

“መጥታ ነበር። እኔ ነኝ የመለስኳት። ልጅ አልሞላም ብዬ።”

ይጮህብኛል ብዬ ነበር። ምነው በጮኸ። “እግሬን ይዛ ‘ማርያምን ወስጃታለሁ’ ስትለኝ በእግሬ ገፍቻት ነው የወጣሁት” አለና ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ወንድሜ ሲያለቅስ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ። ለሊያ እንኳ በሰው ፊት አላለቀሰም ነበር።

“ለምን ሮዚ?”

“ፈራሁ። በመጀመሪያ ሥራዬን፣ ቀጥሎ አንተን። ከዚያ ቀኑ እየራቀ ሲሄድ መንገሩ የባሰ ከበደኝ።” ይቅር በለኝ ማለት እንኳ አፌ ላይ አልመጣም።

ካርዱንና እስክሪብቶ ዘረጋልኝ። “ጻፊ። ባዶው ላይ። ያንቺ እጅ ይሁን” አለኝ። በኩፍኙ መስመር ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ ሊያ ማርዮ ለክትባት መጥታለች፣ ብልቃጥ አልተከፈተም፣ የመለስኳት እኔ ነኝ። ከሥሩ እንደ ሌሎቹ መስመሮች ፈረምኩ። አነበበውና መለሰልኝ። “ለጽጌ። በእጅሽ። በሰው እንዳትልኪ።”

“አንተስ አታናግራትም?”

“በየትኛው አፌ?” አለኝ።

ሮማኒና፣ ዓርብ

በቀሩት ቀናት ከ“ውሃ” እና ከ“መስኮቱን ክፈቺ” በቀር አላናገረኝም። ጉብኝት የሚባል ነገር አላየሁም፤ አንባቢዬ ስለ ፏፏቴውና ስለ ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ከፈለገ ሌላ ይጠይቅ። ሐሙስ ጢሙን ላጨሁት። ጉንጩን ስይዝ ዓይኑን ጨፈነ እንጂ እጄን አልመለሰም። ዓርብ ሻንጣዬን ይዤ በሩ ላይ ስቆም “ስትደርሺ ደውይ” አለኝ።

“ቤት ስገባ?”

“እሷ ጋ ስትደርሺ።”

ይቅር ብሎኝ እንደሆነ አላወቅሁም። አልጠየቅሁትም።

ጀሞ፣ ቅዳሜ ጠዋት

ከቦሌ ወደ ቤቴ አልሄድኩም። ታክሲ ይዤ ከነሻንጣዬ በቀጥታ ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ ጽጌ ወዳለችበት ብሎክ ሄድኩ። አራተኛ ፎቅ ናት። ሌላ ባል አላገባችም፤ የሠራተኛ እናቶችን ልጆች ቀን ቀን እየጠበቀች ትኖራለች። የምንገናኘው ለቅሶ ላይ ብቻ ነው፤ እሱም ከሩቅ። በሩን ስትከፍት አየችኝ፣ ሻንጣዬን አየች፣ እጇን አፏ ላይ ጫነች። በማለዳ ያልተጠራ ዘመድ በር ላይ ከቆመ መርዶ ነው።

“ማርዮ ሞተ?”

“አልሞተም ጽጌ። በሕይወት አለ። ይህን ስጫት ብሎኝ ነው።”

ካርዱን ተቀበለችኝና አገላበጠችው። “የልጄ ካርድ” አለች፤ ድምፅዋ ቀጠነ። “መነጽሬ ተሰብሯል። አንብቢልኝ።”

ቆሜ አነበብኩላት። ከባዱን ነገር ሮም ላይ የጨረስኩ መስሎኝ ነበር።

“ድገሚው” አለችኝ።

ደገምኩት። ከዚያ እግሯ ላይ ወደቅሁ። “ተነሺ፣ ጉልበትሽን ያምሻል” አለችኝ፤ ተነሺ አለች እንጂ አላነሳችኝም። ለማርዮ ደወልኩና ስልኩን ሰጠኋት። ጆሮዋ ላይ አድርጋ ቆመች። ከአጠገቧ ሆኜ የመሣሪያው ማጓራት ይሰማኛል፤ እሱ ሲያለቅስም ይሰማኛል። “ሰምቻለሁ” አለችው። ያን ብቻ። ስልኩን መለሰችልኝ።

ሶፋው ላይ ተቀመጥን። ካርዱ ጭኗ ላይ ነው፤ ቀለሙን በአውራ ጣቷ ታሻሸዋለች። ከዚያ ድንገት “ያቺስ?” አለችኝ።

“የቷ?”

“አብራኝ የነበረችው ሴት ነቻ። ቢጫ ሻርፕ ያደረገችው። ስትመልሺን እስከ ድልድዩ አብረን ሄድን፤ ‘ለማክሰኞ ያድርሰን’ ተባብለን ተለያየን። ወንድ ልጅ ነበር የታቀፈችው። የሱስ ነገር?”

አላውቅም። እግዜር ያሳያችሁ፣ ሠላሳ ሰባት ዓመት አንዴም አስቤያት አላውቅም። ያለቀስኩት ለራሴ ሥጋ ነው፣ የተናዘዝኩትም ስለ ራሴ ሥጋ ነው። ልጁ ይኑር ይሙት አልጠየቅሁም። ከዚያች ማክሰኞ በፊትና በኋላ የመለስኳቸው ሌሎችም አሉ፤ እነሱንም አልቆጠርኩም። ከጉዞው የተማርኩት ይህን ነው፤ የተማርኩትም ከሮሙ መጽሐፍ አይደለም፣ ጀሞ ሶፋ ላይ ከጽጌ ነው።

“ሰፈሩ ፈርሷል። የምትጠይቂው ሰው የለም” አለች ጽጌ።

“ልጁን ምን ብላ ነበር የምትጠራው?”

አሰበች። “አቡሽ። ምን ዋጋ አለው፣ ሁሉም አቡሽ ነው።”

ከቦርሳዬ የአውሮፕላኑን ወረቀት አወጣሁና ጀርባው ላይ ጻፍኩ፤ አቡሽ፣ ወንድ፣ እናቱ ቢጫ ሻርፕ ያደረገች፣ ማክሰኞ፣ ተመልሷል። ጽጌ ስጽፍ ትመለከተኝ ነበር።

“አንብቢው” አለችኝ። አነበብኩላት።

“ድገሚው” አለች።